መኪና ስትከራዩ ከአደጋ ይልቅ ጭረቷን ፍሩ

መኪና የሚከራይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው አደጋ ነው፣ እኔ ግን የምፈራው ጭረትን ነው። አደጋ ሲሆን ሁሉም ያየዋል፣ ፖሊስ ይመጣል፣ ወረቀት ይጻፋል። ጭረት ግን መኪናዋን መልሳችሁ ልትወጡ ስትሉ አከራዩ ጎንበስ ይልና «ይሄ ምንድነው?» ይላል፣ እናንተ «ስረከባት ነበረ» ትላላችሁ፣ እሱ «ኧረ አልነበረም» ይላል፣ ከዛ በኋላ ማስረጃ የሌለው ይከፍላል አለቀ። ደሞ ዲፖዚቱ (ያስያዛችሁት ብር) ያለው እሱ እጅ ስለሆነ ክርክሩ ሳይጀመር ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ቁልፍ እንደተቀበላችሁ ሳትነዱ በፊት ቪዲዮ ቅረጹ። ፎቶም ጥሩ ነው ግን አንድ ጭረት ብቻውን በቅርብ የተነሳ ፎቶ የየትኛው መኪና እንደሆነ እንኳን አይታወቅም፣ ቪዲዮ ግን ከታርጋው ጀምራችሁ ሳታቋርጡ ከዞራችሁ አያከራክርም። ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ፣ ምክንያቱም የመንገድ ጠርዝ ሲነካቸው ቶሎ የሚላጡት እነሱ ናቸው፣ ጭቅጭቅም የሚበዛው እዛ ነው። ከዛ ስፖኪዮ፣ ጣሪያ፣ የባምፐሩ የታችኛው ጠርዝ (አዎ ጎንበስ በሉ፣ ማንም ቢስቅባችሁ)። የፊት መስታወቱ ላይ ጠጠር የመታው ነጥብ ካለ ትንሽ ናት ብላችሁ አትለፏት፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅባት ተሰንጥቃ ልትረዝም ትችላለች፣ ያኔ ሂሳቡ የሙሉ መስታወት ነው። መኪናዋ ገና ታጥባ እርጥብ ከሆነች ወይ ጨለማ ፓርኪንግ ውስጥ ከሆነች ወደ ብርሃን አውጡልኝ በሉ፣ ውሃም አቧራም ጭረት ይደብቃል። መጨረሻ ላይ ሞተር አስነሱና ዳሽቦርዱን ቅረጹ፣ ነዳጅ፣ ኪሎሜትር፣ በርቶ የቀረ የማስጠንቀቂያ መብራት ካለም እሱን።

ያገኛችሁትን ሁሉ የርክክብ ወረቀቱ ላይ አስጽፉ። «ችግር የለም እናውቀዋለን» የሚል ሠራተኛ ሁሌም አይጠፋም፣ ሰውየው እውነቱን ሊሆን ይችላል ግን ስትመልሱ ተረኛው ሌላ ሰው ነው። አልጽፍም ካለ እዛው ቆማችሁ ፎቶዎቹን ለድርጅቱ በኢሜይል ወይ በዋትሳፕ ላኩ፣ ሰዓቱና ቀኑ እነሱም ጋ ይቀመጣል።

«ፉል ኢንሹራንስ አለው» ስትባሉ ደሞ ቶሎ አትደሰቱ። ብዙ ቦታ ሲዲደብሊው (CDW) የሚሉት ነገር በትክክል ኢንሹራንስ ሳይሆን አከራዩ ጉዳት ቢደርስ ከዚህ መጠን በላይ አልጠይቅህም ብሎ የሚገባው ውል ነው፣ ከዛ መጠን በታች ያለው የናንተ ነው። ጎማ፣ መስታወት፣ ጣሪያ፣ የመኪናው ሆድ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ በስህተት የተቀዳ ነዳጅ ብዙ ጊዜ ከነጭራሹ አይካተቱም። ስለዚህ «ኢንሹራንስ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፣ ጥያቄው «አንድ ነገር ቢሆን እኔ እስከ ስንት እከፍላለሁ? የማይሸፍነውስ ምን ምን ነው?» ነው፣ መልሱን ውሉ ላይ ጣታቸውን አስቀምጠው ያሳዩአችሁ። ውሉ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ከነዳ ደሞ ያ ሁሉ ሽፋን ሊቀር ይችላል፣ «ትንሽ ልያዝልህ ደክሞሃል» የሚል ጓደኛ ካላችሁ አስቀድማችሁ ስሙን አስመዝግቡ።

ሂሳብ ብቻ ሳይሆን ነፍስም ስላለ ጎማውን እዩ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፣ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው (በፈረንጆቹ አቆጣጠር)። ላስቲኩ ከተሰነጣጠቀ ወይ ጥርሱ ካለቀ መኪና ይቀየርልኝ በሉ፣ አትፈሩ። ስኮርታና ክሪክ መኖራቸውንም እግረ መንገዳችሁን አረጋግጡ፣ አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ስኮርታ የላቸውም፣ በምትኩ መንፊያና ማሸጊያ ፈሳሽ ነው የሚሰጧችሁ።

ስትመልሱም ያው ቪዲዮ፣ ያው ዳሽቦርድ። ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ቁልፍ ሳጥን ውስጥ ጥሎ መሄድ እኔ አልወድም፣ በብዙ ውሎች ሠራተኛ መጥቶ እስኪረከባት ድረስ ሌሊት አንድ ሰው ቢገጫት ኃላፊነቱ የናንተ ነው። ግድ ከሆነ ያቆማችሁበትን ቦታ ከነአካባቢው ቅረጹ። ካርዳችሁ ላይ የታገደው ብር እስኪለቀቅ ቪዲዮውን አታጥፉት፣ እንደውም ከዛም በኋላ ትንሽ አቆዩት፣ የትራፊክ ቅጣት ዘግይቶ ስለሚመጣ።

እና ስልካችሁን ከመኪናው ብሉቱዝ ላይ አጥፉት እባካችሁ። አንዴ መኪና ተከራይቼ ስክሪኑን ስነካ የማላውቀው ሰው ስልክ ቁጥሮች በሙሉ፣ «ቤት» ተብሎ የተመዘገበ አድራሻው ሳይቀር ወጣልኝ። እኔ አጠፋሁለት፣ ሁሉም ተከራይ ግን አያጠፋም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስልካችሁን ከዝርዝሩ ሰርዙ፣ የናቪጌሽኑንም ታሪክ አጽዱ፣ ከዛ ቁልፉን ስጡ።