አሞሌን ካርድ ላይ ማስቀመጥ፦ የጨው ሲራራው ስብስቤ የት ደረሰ?

ለማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የምሠራው የጨው ሲራራው የካርድ ስብስብ በመጨረሻ ለድራፍት በቃ። ስምንት ሰው ተቀምጦ፣ ፓክ (የካርድ እሽግ) ከፍቶ፣ ካርድ እየመረጠ ተጫወተው። ሲያልቅ የተከራከሩት ስለ ሕጉ አይደለም። "መቀሌ ላይ መሸጥ ነበረብህ!" "የለም፣ ባሶ ድረስ መታገስ ነበረብኝ" እያሉ ነው። ስደክም የከረምኩት ይህችን ለመስማት ነው። ደስ ስላለኝ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ለአዲስ አንባቢ በአጭሩ። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ የካርድ ጨዋታ ነው። በየዓመቱ ማስፋፊያ ስብስቦች ይወጡለታል። አንዱ የግሪክ አማልክት ዓለም ይሆናል፣ ሌላው የቫምፓየርና የተኩላ ሰዎች። ጨዋታውን ከሚያወጣው ኩባንያ ውጭም ለራሱና ለጓደኞቹ ስብስብ የሚሠራ ሰው ሞልቷል። እኔም አንዱ ነኝ። የኔ ጭብጥ ከአፋር ጨው ሜዳ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣው ጨው ነው።

ጅማሬውን ላሳጥረው። የካርዱን ፍሬም የምሠራው ማጂክ ሴት ኤዲተር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ዋናው ሥራ ግን ያለው ኤክሴል ላይ ነው። 101 ኮመን (በብዛት የሚገኝ) ካርድ፣ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር፤ ቀለሙ (የካርዱ ወገን)፣ ዋጋው፣ ሥራው። ይህ ሳይሞላ ሥዕል ፍለጋ መሄድን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሥዕሉ ያማረለትን ካርድ መሰረዝ ያሳዝናል፣ መሰረዝ ያለበት ካርድ ደግሞ ብዙ ነው።

ጭብጥ ላይም አቋሜ የጠነከረ ነው። ጭብጥ ስም መለጠፍ አይደለም። አንድን አንበሳ "የጨው ሜዳ አንበሳ" ብለን ስለጠራነው ስብስቡ ስለ ጨው አይሆንም። ካርዱ የሚሠራው ነገር ራሱ መናገር አለበት። ለዚህ የምወደው ምሳሌ በማጂክ የመጀመሪያ ማስፋፊያ፣ በ1993ቱ አረቢያን ናይትስ ውስጥ ያለው "ግመል" ነው። በዚያው ስብስብ ውስጥ "በረሃ" የሚባል መሬት አለ፤ ሊያጠቃ የመጣን ፍጡር አንድ ነጥብ ይጎዳል። ግመሉ ጉልበቱ ዜሮ ነው። ነገር ግን ሲያጠቃ እሱንም፣ አብረውት በቡድን የሚሄዱትንም በረሃ የሚያደርስባቸው ጉዳት አያገኛቸውም። በቃ! ግመል በረሃ ላይ ምን እንደሚጠቅም አንድ መስመር ተረት ሳይነገረን ገባን። ችግሩ፣ ባንዲንግ የሚባለው ያ በቡድን የመሄድ ሕግ ብዙ ተጫዋች ያደናገረ ነው። ኋላም አዳዲስ ካርዶች ላይ መታተሙ ቀረ።

እኔንም ለረጅም ጊዜ አላስቀምጥ ያለኝ ይኸው ነው። ሐሳቡ ሲያምር ሕጉ ይወሳሰባል።

አሞሌን ታውቁታላችሁ። ተጠርቦ የተስተካከለ ጨው ነው፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአገራችን ገንዘብ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። እኔን የሚገርመኝ ዋጋው ነው። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ይወደዳል። ከዚህ የተሻለ የጨዋታ ሕግ ከየት ይገኛል? ወዲያው ቶክን (ሌላ ካርድ ጠረጴዛ ላይ የሚያመጣው ምልክት) አደረግኩት። በየተራው አሞሌው ላይ አንድ ጠጠር ይጨመራል፣ ስትጥለው በጠጠሩ ልክ ማና (ካርድ ለመጫወት የሚከፈለው ኃይል) ይሰጥሃል።

ወረቀት ላይ ግሩም ነበር። ጠረጴዛ ላይ ግን አንዱ አሞሌ ሁለት ጠጠር፣ ሌላው አምስት፣ ሌላው አንድ። ሰው ተራው ሲደርስ ከመጫወት ይልቅ ይቆጥራል። ደግሞ ማንም አይሸጥም! መቆየት ሁልጊዜ ስለሚያዋጣ ሁሉም ያከማቻል፣ ከዚያ አንዱ በአንድ ተራ የማና ጎርፍ ለቆ ጨዋታውን ይዘጋዋል። በ2017 በኢክሳላን የመጣውን የ"ትሬዠር" ቶክን ተመልከቱ። አንድ ማና ይሰጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ቢያረጅም አያድግም። ለምን እንደማያድግ የገባኝ ያኔ ነው።

የጠጠሩን ብዛት ቀነስኩ፣ ጣሪያ አበጀሁለት። መቁጠሩ አልቀረም። መላው የመጣው ከራሱ ከንግዱ ነው። መንገድ የሚሄደው እኮ አሞሌው ሳይሆን ሲራራው ነው! ስለዚህ ርቀቱን ከቶክኑ ላይ አንስቼ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የመንገድ ካርድ ሰጠሁት። አራት ማረፊያ አለው፦ አሳሌ (ጨው ሜዳው)፣ መቀሌ፣ ባሶ (የጎጃም ገበያ)፣ ቦንጋ (ከፋ)። "ሲራራ" የሚል ቃል ያለው ፍጡር ወደ ጨዋታ ሲገባ ምልክትህ አንድ ማረፊያ ይራመዳል። አሳሌ ላይ አሞሌ አይሸጥም። መቀሌ ላይ አሞሌ ጥለህ አንድ ማና ታገኛለህ። ባሶ ላይ አሞሌ ጥለህ፣ አንድ ማና ከፍለህ አንድ ካርድ ትስባለህ። ቦንጋ ላይ በዚያው ክፍያ ሁለት ካርድ። በሸጥክበት ተራ መጨረሻ ሲራራው ወደ አሳሌ ይመለሳል።

አሁን የሁሉም አሞሌ ዋጋ አንድ ነው፣ ምልክቱን አይቶ ማወቅ ነው። ክፍያውን የወሰድኩት በ2016 ከመጣው "ክሉ" ቶክን ነው። እሱ ካርድ ለመሳብ ሁለት ማና ያስከፍላል። ባሶና ቦንጋ ላይ በየሽያጩ ማና ስለሚወጣ እዚያ ድረስ ያከማቸ ሰው በአንድ ተራ ሁሉንም ማራገፍ አይችልም። መቀሌን ያለፈ ደግሞ ማና አያገኝም። ያ ክርክር የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ምክር ብቻ አጥብቄ ልስጥ፤ ጭብጣችሁ ኮመን ካርድ ላይ በበቂ መኖሩን ቁጠሩ። አንድ ፓክ ውስጥ 10 ኮመን አለ እንበል። ከ101ዱ አሞሌን የሚነኩት 12 ከሆኑ በአንድ ፓክ በአማካይ 1.2 ብቻ ይገኛል። 20 ሲሆኑ ወደ ሁለት ይጠጋል። ስምንት ሰው ሦስት ሦስት ፓክ ሲከፍት 48 ያህል ካርድ ማለት ነው፣ ለአንድ ሰው ስድስት። በ12ቱ ግን አራት እንኳ አይደርሰውም። ሬር (ብርቅ) ካርድ ላይ የተከማቸ ጭብጥ ብዙው ተጫዋች ሳያገኘው ይቀራል። ከዚህ ውጭ ስለ ቀለም ሚዛንና ስለ ዋጋ አወጣጥ ብዙ ምክር ይሰጣል፤ እኔ ግን አብዛኛውን የማስተካክለው ሰው ሲጫወት አይቼ ነው፣ ቀመርም የለኝም።

የቀረኝ ቀዩ ቀለም ነው። ሽፍታ የሚባለው ቀይ ካርድ ጉዳት ባደረሰ ቁጥር የተቃዋሚውን ሲራራ አንድ ማረፊያ ይመልስ ነበር። የሲራራው ባለቤት ባሶ ደርሶ ወደ መቀሌ፣ ከዚያም ወደ አሳሌ ሲገፋ ጨዋታው ያስጠላዋል፤ ፊቱ ላይ ይታያል። አሁን ሽፍታው መንገዱን ትቶ አንድ አሞሌ ነጥቆ ለራሱ እንዲወስድ እየቀየርኩት ነው። እንዲህ ከሆነ ቀይ የሚጫወተውም የሚሸጠው ጨው ይኖረዋል። የምፈራው፣ ሲራራ ሳይኖረው ጨው ብቻ ታቅፎ አሳሌ ላይ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ ለሁለት የቀይ ኮመኖች "ሲራራ" ልሰጣቸው አስቤያለሁ። ድራፍት የሚጫወት ቡድን ያላችሁ ብትሞክሩልኝና ቀዩ ምን እንደሆነ ብትነግሩኝ ፋይሉን እልካለሁ።