እየፈረሰ ያለው ስታዲየምና ቁጥር 49

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ባቡሩ ከምድር ውስጥ ብቅ ብሎ ወደ አናኮስቲያ ወንዝ ሲያመራ፣ ጣሪያው እንደ ኮርቻ ጎበጥ ብሎ ይታይ የነበረውን የሮበርት ኬኔዲ ስታዲየም እየፈረሰ አየሁት። ሥራው በ2025 መጀመሪያ ላይ መጀመሩን ሰምቼ ነበር (በዚህ ማስታወሻ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ መስማትና ማየት ግን አንድ አይደሉምና ቤቴ እስክደርስ ድረስ ሐሳቤ ከዚያው ቀረ። እኔ በዚያ ስታዲየም አንድም የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ተመልክቼ አላውቅም። የዋሽንግተን ቡድን ዳላስን 37 ለ 10 አሸንፎ ሜዳውን ለመጨረሻ ጊዜ በተሰናበተበት ቀን፣ ዲሴምበር 22 ቀን 1996፣ አዲስ አበባ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ።

ስለ ቦታው የማውቀውን ያወቅሁት ጋሼ እያልኩ ከምጠራው ከአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጋሼ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል ተሰዶ ዋሽንግተን ገባ፤ ከዚያም ዕድሜውን በታክሲ ነጂነት አሳለፈ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተመልካቾችን ወደ ስታዲየሙ ያመላልስ ነበር፤ ቡድኑ ሲያሸንፍ ሕዝቡ በአንድነት ሲዘል የመቀመጫው ብረት ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዛወዝ ከውጭ ቆሞ ማየቱን ደጋግሞ ነግሮኛል። እኔ እዚህ አገር በመጣሁ ጊዜ ጨዋታውን አልወደድኩትም ነበር፤ ኳሱ በእጅ ተይዞ እየተሮጠ ለምን በእግር ስም እንደሚጠራ እንኳ አልገባኝም። ጋሼ ግን በትዕግሥት አስረዳኝ። አጥቂው ወገን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ (ዘጠኝ ሜትር ያህል) ወደፊት መግፋት አለበት፤ ከተሳካለት አዲስ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልተሳካለት ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል። ሕጉን ከጨረሰ በኋላ ግን የቡድኑን ታሪክ ይነግረኝ ጀመር። እኔን ከዚህ ቡድን ጋር ያስተሳሰረኝም ይኸው ታሪክ፣ ማለትም በዚያ ሜዳ ላይ ማን እንዲቆም እንደተፈቀደለትና ማን እንደተከለከለ የሚናገረው ታሪክ ነው።

ቡድኑን በ1932 በቦስተን ያቋቋመው ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል የሚባል፣ በልብስ ንጽሕና መስጫዎች የበለጸገ ነጋዴ ነበር። በ1937 ቡድኑን ወደ ዋሽንግተን አዛወረ፤ በዚያው ዓመትም ከቴክሳስ የመጣ ሳሚ ባው የተባለ ወጣት ኳስ ወርዋሪ ቺካጎን 28 ለ 21 ረትቶ የአገሪቱን የፉትቦል ሊግ ዋንጫ አስገኘለት። ባው እንደ ዛሬው ዘመን ተጫዋቾች በአንድ ሥራ ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ በ1943 በመወርወር፣ ኳስን በእግር አርቆ በመምታትና የባላጋራን ኳስ በመንጠቅ በሦስቱም ከሊጉ አንደኛ ወጥቷል። ይህንን ደግሞ የሚያህል ተጫዋች እስከ ዛሬ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በእርግጥ በባው ዘመንም ሽንፈት ነበረ፤ በ1940 ለዋንጫ ሲጫወቱ ቺካጎ 73 ለ 0 አሸንፏቸዋል፤ በሊጉ ታሪክ እንዲህ ያለ ልዩነት ከዚያ በፊትም በኋላም አልታየም።

ነገር ግን ማርሻል ጥቁር ተጫዋች አላስገባም አለ። በዚያን ጊዜ ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ ወደ ደቡብ የቀረበው የእርሱ በመሆኑ ጨዋታውን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ለደቡብ ክፍላተ ሀገር ይሸጥ ነበር፤ የዘር መለያየት ሕግ በሆነበት በዚያ አካባቢ ደጋፊዎቹን ማስቀየም አልፈለገም። የሎስ አንጀለስ ቡድን በ1946 ኬኒ ዋሽንግተንንና ውዲ ስትሮድን ከወሰደ በኋላ ሌሎቹ አንድ በአንድ በራቸውን ሲከፍቱ፣ ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ጥቁሮች በሆኑባት በአሜሪካ ዋና ከተማ ያለው ቡድን ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል እንደተዘጋ ቆየ። ሌሎቹ የሚሻሟቸውን ጥሩ ጥቁር ተጫዋቾች ስለተወ በ1961 ከ14 ጨዋታ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነበር።

በሩ የተከፈተው ማርሻል ተጸጽቶ አይደለም። በ1961 የተመረቀው አዲሱ ስታዲየም፣ ማለትም ዛሬ ሲፈርስ ያየሁት፣ የተሠራው በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ነበር። መሬቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሚኒስትር የነበረው ስቱዋርት ዩዳል በፕሬዚዳንት ኬኔዲ አስተዳደር ስም፣ በቅጥር ዘርን የሚለይ ድርጅት በዚህ ሜዳ ሊጠቀም አይችልም ብሎ አስጠነቀቀው። ማርሻል ጥቂት ከተሟገተ በኋላ ለቀጣዩ ዓመት ተስማማ። ቡድኖች በየተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት የመጀመሪያውን ዕድል ይዞ ጥቁሩን ኧርኒ ዴቪስን መረጠና ወዲያው ለክሊቭላንድ ሰጥቶ በለውጡ ሌላውን ጥቁር ተጫዋች ቦቢ ሚቼልን ተቀበለ። ዴቪስ ምስኪን በደም ካንሰር ታሞ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይጫወት በ23 ዓመቱ በ1963 አረፈ።

ሚቼል ቁጥር 49ን ለብሶ በ1962 የመጀመሪያ ጨዋታው ዳላስ ላይ ከባላጋራ የተመታውን ኳስ ተቀብሎ 92 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። በዚያ ዓመት 72 ኳሶችን ተቀብሎ በ1,384 ያርድ ከሊጉ አንደኛ ሆነ። ሜዳ ላይ ሲያጨበጭቡለት የነበሩ ሰዎች በሚኖሩባት ከተማ ውስጥ ግን ስድብና መገለል ይደርስበት ነበር። ጋሼ ይህንን ሲነግረኝ ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ማርሻል በ1969 ሲሞት በኑዛዜው ለሕፃናት መርጃ ድርጅት ገንዘብ ትቶ፣ ከዚያ ላይ ግን አንድ ዶላር እንኳ የዘር ውሕደትን ለሚደግፍ ዓላማ እንዳይውል አዝዟል። ሚቼል በበኩሉ መጫወት ካቆመ በኋላም በቡድኑ ቢሮ ለብዙ ዓመታት ሠርቶ በኤፕሪል 2020 አረፈ። ከሁለት ወር በኋላ በስታዲየሙ ደጃፍ የነበረው የማርሻል መታሰቢያ ድንጋይ ተነሣ፤ ቡድኑም 49 ቁጥርን ከእንግዲህ ማንም እንዳይለብሰው ወሰነ። ሚቼል ሁለት ወር ቆይቶ ይህን ቢያይ ኖሮ እያልኩ አዝናለሁ።

ቡድኑ የሚኮራበት ዘመን የመጣው በ1981 ጆ ጊብስ አሠልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸንፎ ሳይባረር መቅረቱ ይገርመኛል። ከዚያ በኋላ ግን በ1983፣ በ1988ና በ1992 ሦስት ጊዜ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ሱፐር ቦውልን አሸነፈ፤ ሦስቱንም በተለያዩ ኳርተርባኮች (ኳስ ወርዋሪዎች)፣ በጆ ታይዝማን፣ በዳግ ዊልያምስና በማርክ ሪፕየን። በእኔ ግምት ምስጢሩ «አሳማዎቹ» ተብለው በፍቅር የሚጠሩት ግዙፎቹ የፊት መስመር ተጫዋቾች ነበሩ፤ ከኋላቸው ማንም ቢቆም ፋታ ይሰጡት ነበርና። በ1983 ማያሚን ሲያሸንፉ፣ አራተኛው ሙከራ ላይ አንድ ያርድ ብቻ ሲቀራቸው ጆን ሪጊንስ ኳሱን ተቀብሎ የያዘውን ተከላካይ አራግፎ 43 ያርድ የሮጠው በእነርሱ ጉልበት ነው። ጋሼ አብዝቶ የሚወደው ግን ዳረል ግሪንን ነበር። ግሪን አጭርና ቀጭን ሲሆን ለሃያ የውድድር ዘመናት፣ ከ1983 እስከ 2002፣ ለዚህ ቡድን ብቻ ተጫውቶ 54 ኳሶችን ነጥቋል።

ከ1992 በኋላ ያለው ዘመን ረጅምና ደረቅ ስለሆነ አልዘገይበትም። አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ አላልፍም። በኖቬምበር 2007 የ24 ዓመቱ ተከላካይ ሾን ቴይለር ቤቱ በገቡ ዘራፊዎች ተተኩሶበት ሞተ። ቡድኑ ከቡፋሎ ጋር በተጫወተበት በቀጣዩ እሑድ መከላከል ሲጀምር የእርሱን ቦታ ባዶ ትቶ በአሥራ አንድ ፋንታ በአሥር ሰው ተሰለፈ። ያን ባዶ ቦታ በተንቀሳቃሽ ምስል ባየሁት ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ከቦስተን ጀምሮ ይዞት የነበረውንና ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ስድብ የሆነውን ስሙን ቡድኑ የተወው በ2020 ነው፤ ከ2022 ጀምሮም ኮማንደርስ ተባለ። ስሙ ለዚያ ሁሉ ዓመት መቆየቱ ከማርሻል ግትርነት የተወረሰ ይመስለኛል።

በ2024 ከሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጣው ጄደን ዳንኤልስ በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን 12 ጨዋታ አሸናፊ አደረገው። በኦክቶበር 27 ጨዋታው ሊያበቃ ሲል በ52 ያርድ የተመዘገበለት ውርወራ በብዙ እጆች ተነካክቶ ኖዋ ብራውን እጅ ሲገባና ቺካጎ 18 ለ 15 ሲሸነፍ ከጋሼ ጋር ሆነን እያየን ነበር። ጋሼ ጉልበቱን ስለሚያመው መነሣት አይወድም፤ ያን ዕለት ግን ከእኔ ቀድሞ ተነሣ። ከዚያም ዝም ብሎ ሲያስብ ቆይቶ «የዳግ አገር ልጅ በል» አለኝ። ዳንኤልስ የተወለደው በካሊፎርኒያ ነው፤ ይሁንና የተማረበት ባተን ሩዥ ዳግ ዊልያምስ ከተወለደባት ከዛካሪ ከተማ አጠገብ ነው።

ዛሬ ማታ ስታዲየሙን እንዳየሁት ልነግረው ስልክ ደወልኩለት። ከተማው ከቡድኑ ጋር ተስማምቶ እዚያው ቦታ ላይ ለ2030 አዲስ ስታዲየም ሊሠራ መሆኑን ያውቃል፤ ደስ ብሎታልም። ነገር ግን የድሮው ሲፈርስ አየሁ ስለው ስለ አዲሱ አላነሣም፤ ስለ ጃንዋሪ 31 ቀን 1988 ምሽት ነገረኝ። ታሪኩን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እንደ ዛሬ ግን በዝርዝር አልነገረኝም።

ዊልያምስ በዚያ የውድድር ዘመን በተጠባባቂነት የጀመረ፣ ቀደም ሲል በታምፓ ሲጫወት በደመወዝ ሳይስማማ የለቀቀ፣ ሚስቱንም በአንጎል ዕጢ ያጣ ሰው ነበር። ከዚያ በፊት ጥቁር ኳርተርባክ በሱፐር ቦውል ከመጀመሪያው ተሰልፎ አያውቅም። ጨዋታው በነበረበት በሳንዲያጎ ዋዜማውን የጥርስ ሥሩን ሲታከም ነበር የዋለው። በመጀመሪያው ሩብ ዴንቨር 10 ለ 0 ሲመራ ጉልበቱ ታጥፎ ወድቆ ለጥቂት ጊዜ ወጣ። በሁለተኛው ሩብ ተመልሶ ገባና አራት ጊዜ ለታችዳውን (ኳሱን እስከ ሜዳው ጫፍ አድርሶ ነጥብ ማስቆጠር ነው) ወረወረ፤ ቡድኑ በዚያ ሩብ ብቻ 35 ነጥብ አስቆጠረ። ውጤቱ 42 ለ 10 ሆነ፤ የጨዋታው ኮከብም ዊልያምስ ተባለ።

ጋሼ በዚያች ሰዓት ጆርጂያ ጎዳና ላይ አንድ አዛውንት ጥቁር አሜሪካዊ አሳፍሮ በሬዲዮ እየሰሙ ይሄዱ ነበር። ሁለተኛው ሩብ ሲጀምር አዛውንቱ ቤታቸው ደጃፍ ደርሰው ነበርና ጋሼ መኪናውን አቆመ። ያን ጊዜ የዋሽንግተን ታክሲ የሚያስከፍለው በቀጠና እንጂ በቆጣሪ ስላልነበረ ገንዘቡ አስቀድሞ ታውቋል። ሰውየው ግን አልወረዱም። የሰማንያ ያርድ ታችዳውን የሆነው የመጀመሪያው ኳስ ለተቀባዩ ለሪኪ ሳንደርስ ሲደርስ የፊት ወንበሩን ጨብጠው ያዙ። ሁለተኛው ሲመጣ ማርሻል የሚባል ሰው እንደነበር፣ እርሳቸውም በወጣትነታቸው በስታዲየሙ በር ላይ ሰልፍ ወጥተው መፈክር ይዘው መቆማቸውን፣ ከዚያም ቁጥር 49 መምጣቱን ይነግሩት ጀመር። ጋሼ እንግሊዝኛው ገና አልጠናለትም ነበርና ግማሹን ብቻ ነው የተረዳው። ሩቡ እስኪያልቅ ድረስ መብራቱን አጥፍቶ፣ ማሞቂያውን አብርቶ፣ ሌላ ተሳፋሪ ሳይፈልግ ደጃፋቸው ላይ ከእርሳቸው ጋር ተቀመጠ።