የት ሆኖ ነው የሚለው?

ጎረቤታችን እማማ ወንፊት ሊዋሱ ገብተው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኬክ አዩት። «ምነው፣ መሐሉ ሰረጎደ?»

«አዘገጃጀቱ እንደሚለው ነው የሠራሁት» አልኳቸው።

«የት ሆኖ ነው የሚለው?»

እማማ አሰብ ኖረው የመጡ ናቸው። እዚያ ምስር ወዲያው ይበስልላቸው ነበር፤ አዲስ አበባ ሲገቡ ግን ከሰሉ አልበቃ አላቸው። «ውሃው ይንተከተካል፣ ምስሩ ግን ፍንክች አይልም!»

እውነታቸውን ነው። አሰብ ባሕር ዳር ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። እዚህ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በ92 አካባቢ ይፈላል። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስም የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ በጣም ያብጣል። እንቁላሉና ዱቄቱ ሳይጠነክሩ ኬኩ ተነፍቶ ይነሳና ተመልሶ ቁጭ ይላል። እኔ ምድጃውን ስጠረጥር ነበር የከረምኩት (ምስኪን ምድጃ!)።

ማታ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀነስኩ፣ ከስኳሩም ትንሽ። ወተት ጨመር፣ እሳቱን ከፍ። አናቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። እማማ ቀመሱና «ደህና ነው፤ ድፎ ግን አይሆንም» አሉ። እዚህ ላይ አልከራከርም፤ ድፏቸው በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከላይም ከታችም እሳት እያገኘ፣ ያለ ሚዛን ያለ ሰዓት ተስተካክሎ ይወጣል። ደጋው ላይ የተወለደ ሙያ ነዋ።

ዩቲዩብ ላይ የምታስተምሩን ልጆች፣ ከግብዓቱ ዝርዝር በላይ የከተማችሁን ከፍታ ብትጽፉልን ስንት እንቁላል ይተርፍ ነበር! ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ደብረ ብርሃን ከ2,700 በላይ። ደብረ ብርሃን ኬክ የምትጋግሩ ካላችሁ፣ ቤኪንግ ፓውደር ስንት ታደርጋላችሁ?