ሰርቪስ ቤት ያለው ዲስክ ከሳሎን ለምን አይታይም?

አያትም ሆነ ቱሉ ዲምቱ ዳር ያሉ ብዙ ግቢዎች አቀማመጣቸው ይመሳሰላል። የፋይበሩ ሳጥን፣ ማለትም የመጀመሪያው ራውተር፣ ዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ ነው፣ ሰርቪስ ቤቱ ከጓሮ ነው፣ በመሀል ዋይፋይ የሚያዳክም የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ አለ። ስለዚህ ሁለተኛ ራውተር ተገዝቶ በኬብል ይቀጠላል፤ ኢንተርኔቱም ያለ ችግር ይሠራል። ጣጣው የሚመጣው የቤቱ መሣሪያዎች ፋይል የሚጋሩበት የኔትወርክ ዲስክ፣ ማለትም ናስ፣ ሲጨመር ነው። ሰርቪስ ቤት ያለው ራውተር ላይ ሲሰካ እዚያ ያሉት ላፕቶፖች ይከፍቱታል፣ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ግን ጨርሶ አያገኘውም።

ሁለተኛው ራውተር ኬብሉ በዋን ፖርቱ (ለኢንተርኔት በተለየው፣ ብዙ ጊዜ ቀለሙ በሚለይ ቀዳዳ) ሲገባለት የሳሎኑን ኔትወርክ እንደ ውጭ ኢንተርኔት ይቆጥረዋል። ከውስጥ የሚወጣውን ያሳልፋል፣ ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ይዘጋል። ለዚህ ነው ነገሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራው። ናሱ ሳሎን ቢሆን ኖሮ ከሰርቪስ ቤት በአይፒ ቁጥሩ (በኔትወርኩ ላይ ባለው አድራሻ) ይከፈት ነበር፤ በስሙ ግን ያኔም አይገኝም፣ ምክንያቱም መሣሪያዎች በስም የሚፈላለጉበት ጥሪ ራውተር አያልፍም። ከዚህ የባሰው ሁለቱም ራውተሮች 192.168.1 በሚል ቁጥር ሲጀምሩ ነው። ያኔ ሁለተኛው ራውተር የትኛው አድራሻ በየት በኩል እንዳለ መለየት ያቅተዋል።

አንዳንዶች ሁለተኛው ራውተር ላይ ፖርት 445ን፣ ማለትም ፋይል መጋራት የሚያልፍበትን የሶፍትዌር በር (የኬብል ቀዳዳ አይደለም)፣ ከፍተው ያልፉታል። ይሠራል፣ እኔ ግን አልመክረውም። በስህተት ያው ፖርት በፋይበሩ ሳጥን ላይ ከተከፈተ ዲስካችሁ ለዓለም ሁሉ ተጋለጠ ማለት ነው። በ2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተሰራጨው በዚሁ ፖርት ነበር።

ትክክለኛው መንገድ ሁለተኛውን ራውተር ከራውተርነት አውጥቶ የሳሎኑን ኔትወርክ ብቻ እንዲያከፋፍል ማድረግ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ «አክሰስ ፖይንት» የሚል ምርጫ ካለው እሱን መርጦ ማስቀመጥ ይበቃል። ከሌለው በእጅ ይሠራል፣ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ከሳሎኑ ራውተር የሚመጣውን ኬብል ንቀሉ። ላፕቶፓችሁን በሁለተኛው ራውተር ላን ፖርት (ከዋን ውጭ ካሉት ቀዳዳዎች በአንዱ) ሰክታችሁ፣ የሴቲንግ ገጹን ከፍታችሁ የራውተሩን የራሱን አድራሻ ቀይሩ። የሳሎኑ 192.168.1.1 ከሆነ ይሄኛው 192.168.1.2 ይሁን። የሳሎኑን ለማወቅ ከእሱ ጋር በተገናኘ ኮምፒውተር ላይ «ዲፎልት ጌትዌይ» የሚለውን እዩ፤ በብዙ የሁዋዌ ፋይበር ሳጥኖች 192.168.100.1 ነው፣ ያኔ እዚህ 192.168.1 ያልኩት ሁሉ 192.168.100 ይሆናል። ራውተሩ ተነሥቶ ሲመለስ በአዲሱ አድራሻ ግቡና ዲኤችሲፒን፣ ማለትም ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን ክፍል፣ አጥፉ። ዲኤችሲፒን ቀድማችሁ ካጠፋችሁ ላፕቶፑ አድራሻ የሚሰጠው ያጣና በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሱ ይሰጣል፣ የሴቲንጉ ገጽም አይከፈትም። ከዚያ ለመውጣት ላፕቶፑ ላይ ከራውተሩ በመጨረሻው ቁጥር ብቻ የሚለይ አይፒ በእጅ መጻፍ ያስፈልጋል።

ይህ ሲያልቅ የሳሎኑን ኬብል መልሳችሁ ስትሰኩ ከላን ወደ ላን ይሁን። ዋን ፖርቱ ባዶውን ይቀራል። ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፉበት፤ ቤት ያጸዳ ሰው ኬብሉን ነቅሎ ቀለሙ ወደተለየው ቀዳዳ መመለሱ የተለመደ ነው። ዲኤችሲፒ ሳይጠፋ ከተገናኘ ደግሞ ምልክቱ ግራ ያጋባል፦ ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፣ አንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው ኢንተርኔት የለውም። ሁለት ራውተሮች አድራሻ እያደሉ ስለሆነ ነው።

ለናሱ ራሱ ቋሚ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.50፣ በናሱ ሴቲንግ ውስጥ ጻፉለት፤ የሳሎኑ ራውተር የሚያድለውንም የመጨረሻ ቁጥር ከ100 እስከ 199 ወስኑት፣ እንዳይጋጩ። እኛ አካባቢ ይሄ ቅንጦት አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም በአንዴ ይነሣል፣ ናሱ ከፋይበሩ ሳጥን ቀድሞ ከተነሣ አድራሻ አጥቶ ሊቀር ይችላል። ለራውተር የሚሸጡት ትንንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ናስ አይችሉም፤ የባለ ሁለት ዲስክ ናስ አዳፕተር ብዙ ጊዜ 12 ቮልት 5 አምፔር ነው፣ እነሱ ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል አምፔር አይሰጡም። ለናሱ ትክክለኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ያስፈልጋል፣ ዲስክ እየጻፈ ሳለ መብራት ሲጠፋበት ፋይል ይበላሻልና።

ከዚያ ዊንዶውስ ላይ የፋይል መስኮቱ አድራሻ ቦታ \\192.168.1.50 ብላችሁ መጻፍ ነው።

ፍጥነቱ ካልጣማችሁ ኬብሉን ጠርጥሩ። ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፤ አንዱ ከላላ ግንኙነቱ ብዙ ጊዜ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል፣ ኮፒውም በሰከንድ 11 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል። ጤነኛ ጊጋቢት ወደ 110 ይደርሳል። ርካሽ ራውተሮች ግን ፖርታቸው ራሱ ባለ 100 ነው፣ ካርቶኑን አንብቡ። መርካቶ ኬብል ስትገዙ የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቁት። ቀዩ ተፍቆ ውስጡ ብርማ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ይሰበራል፣ በርቀትም ይደክማል። ሙሉ መዳብ የሆነ ካት 6 የሚባለው ኬብል እስከ 100 ሜትር ያስኬዳል።

ግቢውን አቋርጦ የሚያልፈው የኬብሉ ክፍል በኮንዲዩት (በኬብል ቧንቧ) ውስጥ፣ ከመብራት መስመር ርቆ ይቀበር። የክረምት መብረቅ እሩቅ ወድቆም ቢሆን በረጅም የመዳብ ኬብል ላይ ሁለቱንም ፖርቶች ሊያቃጥል ይችላል። ግቢው ሰፊ ከሆነ በመሀል ፋይበር ዘርግቶ በሁለቱ ጫፍ ሚዲያ ኮንቨርተር (ፋይበሩን ከመዳብ ኬብል ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) ማድረግ ይሻላል፤ ፋይበሩ መስታወት ነው፣ መስታወት ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሻግርም። መዳብ ከሆነ ግን ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ከሁለቱም በኩል ንቀሉት።