ጅማና ዳቮስ፦ በረዶው ለምን እኛ ጋ የለም?

የስዊዘርላንዷ ዳቮስ ከባሕር ጠለል በላይ 1,560 ሜትር ላይ ናት፤ ጅማ 1,750 ሜትር አካባቢ። ከፍ ያልነው እኛ፣ በረዶው የእነሱ! ምክንያቱ ኬክሮስ ነው። ጅማ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ እንኳ አትርቅም፣ ዳቮስ 47 ገደማ ትርቃለች። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ የዳቮስ ፀሐይ ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስትል የኛዋ 59 ትደርሳለች።

የሸለቆ ጠባይ ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው። ሰማዩ በጠራ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ስለሚከብድ ከተዳፋቱ ወርዶ ታች ይተኛል። ጅማ ያለውን የቦዬን ረግረግ የመሰለ ዝቅተኛ ቦታ ንጋት ላይ በጉም ታፍኖ፣ ከፍ ያለው ሰፈር ጥርት ሊል የሚችለው ለዚህ ነው።

ቡና አድራቂ ይህን ካላወቀ ይከስራል። የማድረቂያ አልጋውን ረግረግ ዳር አትሥሩ፤ ነፋስ የሚያገኘው ተዳፋት ይሻላል። ቡናውን ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ አታወፍሩ፣ ቶሎ ቶሎ አገላብጡ። ጠል ሳይወርድ፣ 11 ሰዓት ግድም ሸፍኑ፤ ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ አትግለጡ። ፕላስቲኩ ቡናውን ከነካ ላቡ መልሶ ያንጠባጥብበትና ሻጋታ ይከተላል፤ ከሥሩ ጆንያ አልብሱ። እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሳይወርድ መጋዘን የገባ ቡና ያው መሻገቱ አይቀርም።