አዲስ ኮንሶል ሲወጣ ሂሳቡን እንዴት እንደምሠራ

የአዲስ ኮንሶል (የጌም መጫወቻ ማሽን) ዋጋ በተነገረ ቀን ወረቀት አውጥቼ መጀመሪያ የምጽፈው ከሳጥኑ የጎደለውን ዕቃ ነው። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ጌምና የኦንላይን ክፍያውን፣ መጨረሻ ላይ ታክሱን እደምራለሁ። አሜሪካ ውስጥ የሚነገረው ዋጋ ታክስ አይጨምርም፤ አውሮፓ ውስጥ ግን አብሮ ገብቶበታል። ጀርመን ያለው 499 ዩሮ ላይ 19 በመቶው ታክስ ሲነሳ 419 ግድም ይቀራል። ስለዚህ የሁለት አገር ዋጋ ከማወዳደሬ በፊት ታክሱን አወጣለሁ።

የኒንቴንዶን ኮንሶል፣ ስዊች 2ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ 449.99 ዶላር ነበር። ማሪዮ ካርት ወርልድ የሚባለው ጌም ለብቻው 79.99፣ ከኮንሶሉ ጋር በአንድ ሳጥን ሲገዛ ግን ጠቅላላው 499.99። ጌሙን ለሚፈልግ 30 ዶላር ይተርፋል፤ ለማይፈልግ 50 ዶላር በከንቱ ወጣ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሜሞሪ ካርዱ ላይ ነው። ውስጡ ያለው 256 ጊጋባይት ቶሎ ይሞላል፤ የድሮው ስዊች ካርድ ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ቢገባም ጌም አይጫንበትም፣ ፎቶና ቪዲዮ ማዘዋወሪያ ብቻ ነው። የሚሠራው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለው ሲሆን ባለ 256ቱ በወቅቱ 60 ዶላር ግድም ነበር። የኦንላይኑ የዓመት ክፍያ 20 ዶላር። ከነጌሙ ድምሩ 580፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚገዛ የሜሪላንድ ግዛት 6 በመቶ ታክስ ሲጨመርበት 615። 450 ይዞ የሄደ ሰው 165 ጎደለው።

ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ላይማ የጎደለው ይብሳል፤ በ2024 በ699.99 ወጥቶ ዲስክ ማጫወቻው ለብቻው 79.99፣ ማቆሚያው 29.99። ያለ ጌም 810 ሆነ።

ዲስክ የሌለውን ሞዴል (ጌሙ ከኢንተርኔት ብቻ ተገዝቶ የሚወርድበትን) በርካሽነቱ ብቻ አልመርጥም። በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ባለ ዲስኩ 499፣ ዲስክ የሌለው 399 ነበር። ያገለገለ ዲስክ በአማካይ 20 ዶላር ቢያተርፍ፣ በአምስት ጌም ልዩነቱ ይመለሳል። ለአገር ቤት የሚላክ ከሆነማ ነገሩ ይከብዳል፦ ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን የአካውንት አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። አካውንቱ የሌላ አገር ይሆናል፣ የስጦታ ካርዱም የግድ የዚያው አገር መሆን አለበት፤ የአሜሪካ ካርድ በእንግሊዝ አካውንት አይሠራም። ዲስክ ይህን ራስ ምታት በከፊል ያስቀራል።

መቼ ይገዛ? እዚህ ላይ ደንቤን ለውጫለሁ። ድሮ «ዓመት ጠብቅ» እል ነበር፣ ምክንያትም ነበረው። ኒንቴንዶ 3ዲኤስ በማርች 2011 በ249.99 ወጥቶ በኦገስት 169.99 ሆነ። ኤክስቦክስ ዋን በኖቬምበር 2013 499 ነበር፤ ሰባት ወር ሳይሞላው ኪኔክት ካሜራው ተነጥሎ 399 ወረደ። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 በ499 እና በ599 ሲሸጥ፣ አይሰፕላይ የተባለው አጥኚ ድርጅት የማምረቻ ወጪውን ከ800 በላይ ገምቶት ነበር። ኩባንያው መጀመሪያ ከስሮ ይሸጣል፤ ቺፑ በመጠን ባነሰ ቁጥር ኃይል ፍጆታው፣ ማቀዝቀዣው፣ የሳጥኑ ክብደት ሁሉ ይቀንስና ዋጋው ይወርዳል። ስሌቱ ይህ ነበር።

አሁን ቺፕ ማሳነስ እንደ ድሮው ወጪ አይቀንስም፤ የምንዛሬና የቀረጥ ጣጣም ተጨመረ። ፕሌይስቴሽን 5 በኦገስት 2022 አውሮፓ ውስጥ ከ499 ወደ 549 ዩሮ ወጣ፣ በ2025 አሜሪካም 549 ዶላር ገባ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ከ499 በሜይ 2025 ወደ 599፣ በኦክቶበር 649። እስከዚያ የጠበቀ ሰው 150 ዶላር ተቀጣ።

ስለዚህ በስድስት ወር ውስጥ የምጫወተው ጌም ካለ በመነሻው ዋጋ እገዛለሁ። ከሌለ የምጠብቀው ከጌም ጋር የሚሸጠውን ሳጥን ነው፤ የዋጋ ቅናሽን ተስፋ አላደርግም። ቀድሞ ገዝቶ አትርፎ ከሚሸጥ ነጋዴ በእጥፍ መግዛትን ሂሳብ ውስጥም አላስገባው።

ሰው ከውጭ ሲያመጣ አዳፕተሩ ላይ «100-240» መጻፉን አስቀድሞ ማየት ነው፤ እንደ ኒንቴንዶ ዊ ያሉ የቆዩ ኮንሶሎች የአሜሪካ አዳፕተር ለ120 ቮልት ብቻ ስለሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። ከጃፓን የሚመጣ ስዊች 2 ላይ ደግሞ በ2025 በ49,980 የን የወጣው ቋንቋው ጃፓንኛ ብቻ ነው፣ የጃፓን አካውንት ብቻ ይቀበላል። ብዙ ቋንቋ የሚያወራው ያኔ 69,980 የን ነበር፤ አደራ ሲባል የትኛው እንደሆነ ጽፎ መስጠት ይሻላል።