የመስቀል መልእክት ከድሬ፦ ሔኒንግ ማንኬልን እያሰብኩ

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ! ድሬ ያላችሁ፣ ሐረር ያላችሁ፣ ከአገር ርቃችሁ ደመራውን በስልክ የምታዩ ወዳጆቼ ሁሉ። በየዓመቱ ደመራ ስናበራ አብራችሁን የምትቆሙ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም እንኳን አብሮ አደረሰን።

የዘንድሮ መልእክቴ ሐዘን አለበት። መስከረም 24 የምወደው ደራሲ ሔኒንግ ማንኬል ያረፈበት ቀን ነው። በ2008 ዓ.ም. መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነው የሞተው፣ በሳንባ ካንሰር። ገና 67 ዓመቱ ነበር።

ስዊድናዊ ነው። ዓለም የሚያውቀው በመርማሪ ፖሊሱ በኩርት ቫላንደር ነው። ቫላንደር ጀግና አይደለም። ትዳሩ ፈርሷል፣ እንቅልፍ የለውም፣ ስኳር አለበት፣ ዕድሜ ልኩን ያንኑ አንድ ሥዕል ደጋግሞ ከሚስል አባቱ ጋር አይግባባም። እኔ ወንጀሉን ማን እንደፈጸመው ብዙም አይገርመኝም ነበር፤ የሚይዘኝ ይኼ የደከመው ሰውዬ ነገ ጠዋት ተነሥቶ ሥራ መግባቱ ነው።

ማንኬል ግን የስዊድን ብቻ አልነበረም። የዕድሜውን ብዙ ዘመን ሞዛምቢክ ውስጥ ነው ያሳለፈው፤ ማፑቶ የሚገኘውን ቴአትሮ አቬኒዳን በፈረንጆቹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከዚያው አገር ተዋንያን ጋር መርቷል። አንድ እግሬ በረዶ ውስጥ፣ አንድ እግሬ አሸዋ ውስጥ ነው ይል ነበር። አሸዋውን እኛ የድሬ ልጆች እናውቀዋለን። ስለ አፍሪካ ሲጽፍ እንደ ጎብኚ የማይጽፈው ለዚህ ይመስለኛል።

በ2006 ዓ.ም. አንገቱን አመመው። የዲስክ መንሸራተት ነው ብሎ ሐኪም ጋ ሄደ። ካንሰር ሆኖ ተገኘ፣ አንዱ ዕጢ ግራ ሳንባው ላይ፣ አንዱ አንገቱ ላይ። ያኔ ምን አደረገ መሰላችሁ? በዚያው ጥር ወር ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ለሁሉም ተናገረ፤ የምጽፈው ስለ ሞት ሳይሆን በሕይወት ዓይን ነው ብሎ፣ እስኪደክመው ድረስ ሕክምናውንም ፍርሃቱንም ጻፈ። መጽሐፍም ወጣው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከራሱ ሕመም ይልቅ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ምን ትተን እንሄዳለን የሚለው ነው ያስጨነቀው። ለ100,000 ዓመት ተጠብቆ መቀመጥ ያለበትን የኑክሌር ዝቃጭ እያነሣ፣ ያን ጊዜ የሚኖረውን ሰው በምን ቋንቋ እናስጠነቅቀዋለን ብሎ ይጠይቃል። ወዲያው ደግሞ የጥንት ሰዎች ዋሻ ውስጥ ስለሳሉት ሥዕል ያወራል። ይህን ሳነብ የታወሰኝ የእኛው ለጋ ኦዳ ነው። ከድሬ ብዙም ሳይርቅ፣ ከብትና ሰው የተሳለበት ድንጋይ! ማን እንደሳላቸው ስማቸውን አናውቅም፣ ከብቶቻቸውን ግን እናያለን።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካኝ ከመታመሙ ከዓመታት በፊት የሠራው ነው። ኡጋንዳ ሄዶ በኤድስ የታመሙ ወላጆች ለልጆቻቸው የሚያዘጋጁትን የትዝታ መጽሐፍ አየ። እናት አባት ሳይሞቱ ቁጭ ብለው ይጽፋሉ፤ እኔ እንዲህ ነበርኩ፣ አንተ የተወለድክ ቀን እንዲህ ሆነ፣ አያትህ ከዚህ አገር ነው የመጣው ይላሉ፣ ፎቶ ይለጥፋሉ። እሱም ስለ እነሱ ጻፈ፣ ለሥራውም ድጋፍ እንዲገኝ ለፋ።

እኛ ጋ ግን ለታማሚው አይነገርም። ዘመድ ሁሉ ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም። ፍራሽ አጠገብ ተቀምጠን «ትድናለህ፣ ቀላል ነው» እንላለን። ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን በዚህ መሐል ያ ሰው ሊናገር የፈለገው ሁሉ አብሮት ይቀበራል። ምድር ባቡር ዕድሜያቸውን የፈጁ ስንት አባቶች ናቸው እንዲህ የሄዱብን! ስለ ለገሃሬ፣ ስለ ጣቢያው፣ ስለ ጅቡቲ መንገድ ከእነሱ ሌላ ማን ይነግረናል?

አቦ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለበዓል የታመመ ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ ድፎውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከዚያ ግን ጠይቁት። ልጅነቱን፣ ሰፈሩን፣ የሚቆጨውን። ከፈቀደላችሁ በስልካችሁ ቅዱት። ቢያለቅስም አትደንግጡ።

ሳንባን በተመለከተም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የሳንባ ካንሰር ክፋቱ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ መታወቁ ነው። ትልቁ ምክንያት ሲጋራ ነው፣ አጭሶ የማያውቅንም ግን ይይዛል። በር ተዘግቶ በርጫ ላይ አንዱ ሲያጨስ አብሮት የተቀመጠው ሁሉ ያንኑ ጭስ ይስባል። እናቶቻችንም ለዓመታት የማገዶ ጭስ ሲስቡ ኖረዋል። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ ተመርመሩ። እኛ አገር መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው፣ ልክም ነው፤ ቲቢ አይደለም ከተባለና ሳሉ ካልተወ ግን ምርመራው እዚያ አይቁም።

በዚህ በዓል በካንሰር ሕክምና ላይ ያላችሁ፣ አስታማሚዎችም፣ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጣችሁ። የማንኬልን መጽሐፍ ማንበብ የምትፈልጉ የድሬ ልጆች ጻፉልኝ፣ ያለኝን አውሳችኋለሁ። ስትጨርሱ ለሚቀጥለው ሰው አስተላልፉት። መልካም መስቀል!